ለክቡር የመነሻ ኮረንቲ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የመነሻ ኮረንቲ፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሲመለሱ በር እንዲያንኳኩ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ዕቃ ሲበራ ወይም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በመጀመሪያው ቅጽበት ከተለመደው በብዙ በልጠው የሚገቡት ኮረንቲ እርስዎ ነዎት። ከሄዱበት በተመለሱ ቁጥር የቱሉ ዲምቱ ልጆች «መጣ!» እያሉ በጩኸት ስለሚቀበሉዎት፣ የእኔ ቅሬታ ከምቀኝነት እንዳይቆጠርብኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አምና የፍሪጄን ሞተር መብላትዎን ይቅር ብያለሁ።

ባለፈው እሑድ ግን አማቾቼ ቤቴ ነበሩ። ዶሮው ተበልቶ ቡናው በሚቆላበት ሰዓት፣ ለዓመታት እንደ አራስ የተንከባከብኩትን ባለ ቫኪዩም ቱቦ አምፕሊፋየር ከፍቼ «ድምፁ ለዛ አለው፣ እንደ ዛሬዎቹ ደረቅ አይደለም» እያልኩ ለአማቴ ማብራሪያ ስሰጥ፣ እርስዎ ወጡ። ይህን ለምደነዋል። ነገር ግን ጥቂት ሴኮንዶች ሳይቆዩ ተመለሱ፤ ደግመው ወጡ፤ ደግመው ገቡ። በመጨረሻው አገባብዎ ኮረንቲን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ሬክቲፋየር ቱቦ ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፣ ጧ አለ፣ ፊውዙም ተከተለው። የባለቤቴ እናት ሽታውን ሰምተው «እኔ ደግሞ ቡናው ያረረ መስሎኝ!» አሉ። አማቴ ምንም ሳይናገሩ ከኮታቸው ኪስ ብርቱካን የምታህል ስፒከር አውጥተው ከስልካቸው ጋር አገናኙና «ይቺ መብራት አትጠብቅም» አሉኝ።

ያለ ጥበቃ ትቶት ነው የሚለኝ አይጠፋም። የቀዘቀዘ የቱቦ ክር ከጋለው ይልቅ በብዙ እጥፍ ያነሰ ኦም (ኮረንቲን የመግታት አቅም) እንዳለው፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተርም ባዶ ሲሆን ለቅጽበት እንደ ሾርት እንደሚሆንልዎ ስለማውቅ፣ መግቢያው ላይ ቴርሚስተር አቁሜ ነበር፤ ሲቀዘቅዝ 10 ኦም ሆኖ ይገታዎታል፣ ሲግል ከ1 ኦም በታች ወርዶ ያሳልፍዎታል። ሬክቲፋየሩም ቱቦ ነውና እስኪግል ድረስ አያስገባዎትም። ታዲያ ሁለቱም ዘበኞች የሚሠሩት ሲበርዳቸው ብቻ ነው፤ ከሞቃቸው ይተኛሉ። እርስዎ በሴኮንዶች ውስጥ ሲመላለሱ ሁለቱም እንደጋሉ ነበሩ፤ ካፓሲተሮቹን ግን ያልቀዘቀዙት ቱቦዎች መጥጠው ጨርሰዋቸዋል።

ሰኞ ወደሚመለከተው ክፍል ሄድኩ። ከሰልፉና «ሲስተም የለም» ከሚለው በኋላ በተሰጠኝ ቅጽ ላይ «መብራት የጠፋበት ሰዓት» የሚል ቦታ አለ፤ «የመጣበት» የሚል የለም። ከመስኮቱ ጀርባ ያሉት ሰው «አሁን መብራት አለ?» አሉኝ። «አለ» አልኩ። «ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

ምን እፈልጋለሁ? ሱቅ ያላት ጎረቤቴ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ደንበኛ አቁማ የፍሪጅ ሶኬት ለመንቀል መሮጧን እንድታቆም እፈልጋለሁ። በገንዘባችን የገዛነውን ዕቃ፣ በገንዘባችን ከምንከፍልበት መብራት፣ ሌሊት ተነሥተን የምንጠብቀው እስከ መቼ ነው?

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ። ከዛሬ ጀምሮ በሬ ላይ 47 ኦም ሪዚስተርና በኮረንቲ ራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ የሆነው ሪሌይ ቆመዋል። ሪሌይ እስኪበርደው አይጠብቅም፤ እርስዎ ሲወጡ ይለቃል፣ ሲመለሱ ለ3 ሴኮንድ ያህል በሪዚስተሩ በኩል ያሳልፍዎታል፣ ዋናውን በር የሚከፍትልዎ ከዚያ በኋላ ነው። የ220 ቮልቱ ጫፍ ከሆነው 311 ላይ ተንደርድረው ቢመጡ እንኳ ከ7 አምፔር አይበልጡም።

የአማቴ ስፒከር ግን አሁንም ቤቴ ናት፤ ረስተዋት ይሁን ትተውልኝ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፍሪጁና ለቴሌቪዥኑ
ተነቅለው ባሉበት