የአቦሸማኔዋን ግልገል አሳልፈን የምንሰጥ እኛው ነን

ወገኖቼ፣ የአቦሸማኔ ግልገሎች ከእናታቸው እየተነጠቁ በድብቅ ወደ ዓረብ አገር ለሚሸጡበት ጉዳይ መንግሥትን ብቻ መውቀስ ይብቃን። ሕጉ አለ፤ በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 541 መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም ከአዘዋዋሪዎች ያስጥላል፤ ከተረፉት መካከል ሆለታ አቅራቢያ በሚገኘው፣ የተረፉ የዱር እንስሳት በሚጠለሉበት የእንስሳ ኮቴ ማዕከል የሚኖሩ አሉ።

ግን አስቡት። እናት አቦሸማኔ ልጇን አደን የምታስተምረው አንድ ዓመት ተኩል ያህል አብራት እየዞረች ነው። ዓይኗን በገለጠች ማግስት የተወሰደች ግልገል ከማን ተምራ የሜዳ ፍየል ታሳድዳለች? ነፍሷ ቢተርፍ እንኳ ዕድሜዋን በአጥር ውስጥ፣ የሰው እጅ እያየች ነው የምትጨርሰው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

አንተ እናቲቱ ለአደን እስክትርቅ ጠብቀህ ግልገሎቿን የምታነሳ፣ ፍየሎችህን ፈጅታብህ ከሆነ በደልህ እውነት ነው፤ ለወረዳህ ጮኸህ ተናገር፣ እኛም አብረንህ እንጩህ። ልጆቿን ለደላላ መስጠት ግን ፍየልህን አይመልስም። እሱ ባሕር ማዶ በሺዎች ዶላር ለሚሸጡት አቀባይ ነው፤ ላንተ የሚደርስህ ፍርፋሪ ነው።

አንተ ሾፌር፣ ከሶማሌ ክልል ወደ ሶማሌላንድ ስታቀና ካርቶኑ ውስጥ የሚጮኸው ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ብዙዎቹ ጀልባ ላይ ሳይደርሱ በረሃብና በውኃ ጥም ይሞታሉ። ኬላ ላይ ዓይንህን የምትጨፍነውም ያው ነህ።

በዓረብ አገር ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ አሠሪያችሁ መግቡ ቢላችሁ ብትመግቡ አልፈርድባችሁም፤ እንጀራ ነው። በሰንሰለት ከታሰረች አቦሸማኔ ጋር ፎቶ ተነስታችሁ መለጠፋችሁ ግን የራሳችሁ ሥራ ነው፤ ለገዥው ገበያ ታሟሙቃላችሁ። ኤምሬትስ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ግለሰብ አደገኛ አውሬ እንዳይዝ ከልክላለች።

በዓለም ዙሪያ በዱር የቀሩት አቦሸማኔዎች 7,000 ገደማ ናቸው፤ ከእነዚህ የእኛ ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ግልገል ታስራ ካያችሁ ዛሬውኑ ለፖሊስ አሳውቁ። ጎረቤቴ ነው፣ ዘመዴ ነው አትበሉ። ዳኛው ፊት ምስክር ያስፈልጋል፤ ያያችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።