ለ«የውጭ እጅ» ሊቃውንት የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን ካፌው ቲቪ ላይ የጆርጂያ ዋና ከተማ የትብሊሲ ሰልፍ ሲታይ አጠገቤ የነበረ ሰውዬ ሻዩን ፉት አለና «ከጀርባቸው ማን እንዳለ ይታወቃል» አለ። ታውቋቸዋላችሁ እነዚህን። ጆርጂያ የት እንዳለች ባያውቁም ሰልፈኛውን የሚዘውረውን እጅ ያውቁታል። ተሰጥኦ ነው መቼስ!

የጆርጂያዎቹ ሊቃውንት ግን ይብሳሉ፤ እጁን በፐርሰንት ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ሕግ፣ ከገቢው ከ20 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር ወይም ሚዲያ የባዕድ ጥቅም አራማጅ ተብሎ እንዲመዘገብ ተደነገገ። ፕሬዚዳንቷ አልፈርምም ቢሉም ፓርላማው እምቢታቸውን ሽሮ ሕጉን አጸደቀው። (የኛ የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጅ 10 በመቶ ላይ ነበር የቆረጠው። በ2011 ባንሽረው ኖሮ ሪከርዱ የኛ ነበር።)

ቅር ያለኝ አያቶች መታለፋቸው ነው። ኩታይሲ የምትባል የጆርጂያ ከተማ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አስቡ። ልጃቸው ጣሊያን አገር የሰው ሽማግሌ እየጦረች ዩሮ ትልካለች። የመድኃኒቱ ገንዘብ ከውጭ ነው። የጋዙም። ኻቻፑሪ የሚሉት ዳቦ ውስጥ የሚገባው አይብም እንደዚያው። ዱቄቱስ? የሩሲያ ስንዴ ከሆነ ግድ የለም፣ ይለፍ። አይቡ ግን ይመርመር! ጎረቤት ቀምሳ «ይጣፍጣል» ካለች ቅስቀሳ ነው። የልጅ ልጅ ከደገመ አደረጃጀት ነው። ድመቷስ? ሳህኑን የላሰችው? ትመዝገብ! ግልገሎቿም፣ ጡት ስለጠቡ፣ በተዘዋዋሪ ተጠቃሚ ናቸው።

ቀልዱ ይቆየን። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 መንግሥት የአውሮፓ ኅብረት የአባልነት ድርድርን እስከ 2028 መጨረሻ አላነሳም ሲል ሕዝቡ ሩስታቬሊ ጎዳና ወጣ። የጠየቀው ሕገ መንግሥቱ ላይ የተጻፈውን፣ ወደ ኅብረቱ የመግባትን ግብ ነው። በዚያ ብርድ ፖሊሶች ውሃ ረጩበት። ጋዜጠኛ ካሜራውን እንደያዘ ተደበደበ። ፊቱ ያበጠውን ልጅ ነው እንግዲህ ሻይ እየጠጣችሁ «ስንት ተከፈለው?» የምትሉት። ትንሽ እንኳ አታፍሩም?

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ከ2008ቱ ጦርነት ወዲህ አብካዚያና ደቡብ ኦሴቲያ በሩሲያ ጦር እጅ ናቸው። ከአገሪቱ መሬት 20 በመቶ ያህል ማለት ነው። ይህን እጅ ሊቃውንቱ ለምን አላዩትም ብላችሁ አትቸኩሉ። ሕጉ የሚለው «ከ20 በላይ» ነው፤ ሩሲያ ለጥቂት አመለጠች።