አራት ጊዜ የተተከለችው ወይራ

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቀበና ወንዝ ዳር፣ እኛ ሰፈር፣ ኅብረተሰብ ሲለወጥ በዓይኔ አየሁ። ለውጡ ለምሳ ሰዓት ደርሶ ተጠናቀቀ። 40 ያህል ወጣቶች አንድ ዓይነት አረንጓዴ ካናቴራ ለብሰው፣ አንድ ድሮን፣ ሦስት የካሜራ ማቆሚያ እና 30 ችግኝ ይዘው በሚኒባስ መጡ። ለእያንዳንዱ ችግኝ ከአንድ ሰው በላይ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ ከአንድ ስልክ በላይ መመደቡን ሳይ፣ ይህች አገር ሰው አጣች ብለን ስናማርር መክረማችን አሳፈረኝ።

ባለ ካሜራውን ደግ ሰው ለአንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ዳቦ ሲሰጥ የተቀባዩን ፊት አስጠግቶ የሚቀርጸውን፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ላይቭ የሚከፍተውን፣ የመገለጫ ሥዕሉን በጥቁር ቀይሮ አንድን ችግር ከሥሩ የሚነቅለውን ሁላችንም በየስልካችን እናውቀዋለን። እኔ ዛሬ የተነሣሁት ልወቅሰው ሳይሆን፣ የሚገባውን ምስጋና የነፈግነው መሆኑ ስላንገበገበኝ ነው።

ድሮ ለውጥ እጅግ አሰልቺ ሥራ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡ በኋላ፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ እስኪታወጅ፣ ማለትም እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. ድረስ፣ ድፍን አሥር ዓመት ጠብቀዋል፤ በመካከሉም ስንቱ ታስሯል፣ ስንቱ ከትምህርት ገበታው ተባሯል፣ ሕይወቱን የከፈለም አለ። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜም 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ሲዘምት፣ ፊደል ሲያስቆጥርና ጉድጓድ ሲቆፍር፣ አንድም ሰው ላይቭ አልገባም። ያ ሁሉ ላብ ያለ አንድ ላይክ መቅረቱን ሳስበው ያንገበግበኛል። የዘመናችን ለውጥ ግን በ24 ሰዓት ይጠናቀቃል፤ ስቶሪ የሚቆየው ይህንኑ ያህል ነውና።

ወደ ችግኞቹ ልመለስ፤ በተለይም ወደ አንዷ። ከጉልበት የማታልፍ የወይራ ችግኝ ነበረች። በመጀመሪያ 12 ሰዎች ያዟት። ለ12 ሰው የሚበቃ ግንድ ስላልነበራት፣ ሦስቱ ግንዷን፣ አራቱ ቅጠሏን፣ የቀሩት ደግሞ የያዟትን ሰዎች ክንድ ያዙ። ተተከለች፤ ተጨበጨበ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ብልጭ ያለችው ፀሐይ ግን ከኋላቸው መጥታ ፊታቸውን ሁሉ አጥቁራው ኖሮ፣ ቀራጩ እጁን ሲያወዛውዝ ወይራዋ ተነቀለች። ሁለተኛ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ተከሏት፤ «ለውጥ ከእኛ ይጀምራል» የሚለው ባነር ጠርዙ በነፋስ ታጥፎ ከስፖንሰሩ ስም የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት አልታዩ ስላሉ ግን እንደገና ተነቀለች። በሦስተኛው ተከላ ፀሐዩም ባነሩም አምሮ ሳለ፣ አንዷ ወጣት ዓይኗን ጨፈነች። ወይራዋ በዚህ ጊዜ ግማሽ ያህሉን ቅጠሏን አራግፋ ነበርና ልትተካ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ዳይሬክተሩ «ተጎድታ መነሣቷ ለታሪኩ ይጠቅማል» ብሎ አዳናት። በአራተኛውና በመጨረሻው ተከላ አፈሩ ከመዳፍ ላይ ቀስ እያለ እንዲንቆረቆር ተፈለገ፤ ነሐሴ ላይ የሚንቆረቆር አፈር ከየት ይመጣል? ሁሉም ጭቃ ነው። ስለዚህ አንዱ ጎረምሳ ሮጦ ከጎረቤት ግንባታ፣ ሸራ ከለበሰ ክምር ሥር፣ ደረቅ አሸዋ በፌስታል ይዞ መጣ፤ ወይራችንም አሸዋ ለብሳ፣ በድሮን ታጅባ፣ ለአራተኛ ጊዜ አገር አለመለመች። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የመተከል ልምድ ያላት ችግኝ ትምረጥ ቢባል ከእርሷ የሚቀድም የለም፤ ለታናናሾቿ ሥልጠና ብትሰጥ፣ አበልም ቢታሰብላት አይበዛባትም። የተቀሩት 29ኙ በሩብ ሰዓት ተተክለው አለቁ።

ሚኒባሶቹ ሲሄዱ ጠጋ ብዬ አየሁ። 30ዎቹም ሥራቸው ከተጠቀለለበት ጥቁር ላስቲክ ጋር ነው የተቀበሩት። ላስቲኩ ካልወለቀ ሥሩ ወደ አፈሩ የሚወጣበት መንገድ ስለማያገኝ እዚያው ውስጥ ይጠማዘዛል፤ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ቅጠሉ ያማልላል፣ በጋው ሲጠነክር ይደርቃል። ይህም ቢሆን አርቆ አሳቢነት ነው፤ ቦታው ባዶ ስለሚሆን የከርሞ ዘመቻ መሬት አያጣም።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ለአፍታ ይቅርብኝ። እነዚያን 30 ጉድጓዶች የቆፈሩት የቦታው ጥበቃ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ፣ ዝናብ እየመታቸው፣ ብቻቸውን ሲቆፍሩ አይቻለሁ። ቅዳሜ ቀረጻው ሲጀመር አካፋቸውን ይዘው ዳር ላይ ቆመው ነበር፤ የልጅ ልጃቸው የምትሆን ወጣት «አባባ፣ ከፍሬም ይውጡልን» አለቻቸው። ወጡ። አካፋቸው ግን ለቀረጻው ስለሚያምር እዚያው ቀረ። ይህ ንቀት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የለፋው ዞር እንዲል፣ ያልለፋው ደግሞ መሃል እንዲቆም ማድረግን ይህች አገር ከጥንት ጀምራ ታውቅበታለች፤ ለዚህ ለዚህ ድሮን መከራየት ባላስፈለገ ነበር።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ቪዲዮው በማግስቱ ተለቀቀ። ከበስተጀርባው ዋሽንት ይንቆረቆራል፤ ወይራዋም ከአራት አቅጣጫ አራት ጊዜ ስለተቀረጸች አራት ወይራ መስላለች። ከሥሩ «እንባዬ መጣ»፣ «ትውልዱ ነቅቷል»፣ «ካናቴራውን የት ነው ያሳተማችሁት?» የሚሉ አስተያየቶች ጎርፈዋል። እኔም በለውጡ መሳተፍ አማረኝና «ላስቲኩስ?» የሚል አንድ ቃል ጻፍኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ለወጣቱ ቅን የማያስብ» ተብዬ ብሎክ ተደረግሁ። የውይይት ባህላችን በዚህ ፍጥነት ከቀጠለ የትም እንደርሳለን።

ትናንት ሐሙስ ወደ ማታ በዚያው ሳልፍ አዛውንቱ ተንበርክከው አገኘኋቸው። ችግኞቹን አንድ በአንድ ያወጣሉ፣ ላስቲኩን በምላጭ ይሰነጥቃሉ፣ መልሰው ይተክላሉ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ደርሰዋል። ወይራዋን ስጠይቃቸው «እሷማ ተንገላታለች፣ ትንሽ ትረፍ» ብለው አሳዩኝ፤ በቲማቲም ጣሳ ተተክላ ከጥበቃ ቤታቸው ደጃፍ ቆማለች። ቤቷ ስታፈስ የከረመች ናት። አሁን ጣራዋ ላይ ያ ባነር ተዘርግቷል፤ አራቱም ጠርዝ በድንጋይ ስለተያዘ ነፋስ አያጥፈውም፣ የስፖንሰሩም ስም አንድ ፊደል ሳይጎድል ይነበባል።