ጫማው ይብራ እንጂ!

እኔ በዚህ ሕዝብ እኮራለሁ። የታክሲው ሰልፍ ረዝሞ፣ ሰዓት ረፍዶ፣ አለቃ እየደወለ እንኳ ሊስትሮ ሳጥን ላይ እግሩን ሰቅሎ ጫማውን የሚያስጠርግ ሕዝብ የት ይገኛል? ጫፉ ላይ አንዲት የጭቃ ነጥብ ከቀረች "እሷን ድገማት" ይላል። ስፌቱ ከተፈታ እዚያው ያሰፋል። ውስጥ ያለው እግርስ? እሱ ምን ሆኖ! ከትናንት ወዲያ የተለበሰች ካልሲ ውስጥ በሰላም ተቀምጧል። ማንም የማያየውን ነገር መንከባከብ ደግሞ ብር ማባከን ነው።

ይሄን ጥበብ የምንማረው ከልጅነት ነው። ለእንቁጣጣሽ ጫማ ሲገዛ አባት የሚለካው ልጁ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚኖረውን እግር ነው። "ያድግበታል!" ጫፉ ላይ ጋዜጣ ይጠቀጠቃል፣ ልጁም ጫማውን እየጎተተና እየተደናቀፈ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ልኩ የሚሆንበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። በዚያ ቀን ግን ሶሉ ተገንጥሏል። ከዚያ ይሰፋና በታላቅየው እግር ቅርጽ እንደተጣመመ ለታናሽየው ይወርዳል። ቅርስ ማውረስ ይሉሃል ይሄ ነው።

ጎረምሳ ሲሆኑ ነገሩ ይገለበጣል። መርካቶ ሱቅ ውስጥ ጣቶቹ ተጣጥፈው፣ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኖ "ትንሽ ጠበበኝ መሰለኝ" ሲል ሻጩ "ቆዳ ነው፣ ይሰፋል" ይለዋል። ቆዳ ላይሆን ይችላል፣ ግን ማን ይከራከራል? በአንድ እግር ውስጥ 26 አጥንት አለ። ሁሉንም እንደ ታክሲ ረዳት "ጠጋ ጠጋ በሉ" እያሉ ሾጣጣው ጫፍ ውስጥ መጫን ነው። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዙ የሚሉ ሰዎች አሉ። ምቀኞች ናቸው፣ አትስሟቸው።

ኮብልስቶን ላይ በቀጭን ታኮ የምትራመድ ሚዜማ ሜዳሊያ ይገባታል። ማታ ተረከዟ ተልጦ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ስትገባ "ሰርጉ እንዴት ነበር?" ሲሏት "አሪፍ ነበር!" ትላለች።

ለእግራችን ምንም ክብር የለንም እንዳትሉ ደግሞ። በዓመት አንዴ፣ ጸሎተ ሐሙስ፣ ካህን ያጥበዋል። እኛም እንዳናፍር ብለን ቤታችን አስቀድመን አጥበነው እንሄዳለን።

ነገረኛ ሰው ስለ እግር እንክብካቤ ሊያስተምረን ሲነሳ አፉን የምናስይዝበት ማስረጃም አለን፦ አበበ ቢቂላ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ አመጣ፣ አለቀ! (ያገኘው ጫማ እግሩን ስላልተመቸው እንደተወው፣ በ1957 ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ ሮጦ እንደገና ማሸነፉን ማንሳት አያስፈልግም። የማይመች ጫማ ማውለቅ የሱ የግል ጠባይ ነበር።)

ገጠር ስንወጣ ጥበባችን ይበልጥ ይደምቃል። ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልኩን በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬ እግሩ ያብጣል። ሐኪሞቹ የአፈሩ ብናኝ በቆዳ ገብቶ የሚያመጣው ሕመም ነው፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል ይላሉ። እኛ ግን "የዘር እርግማን ነው" ብለን ልጁን ለልጃችን አንድርም፣ ሰርግ ላይም ዳር እናስቀምጠዋለን። ለጫማ መግዣ ከማዋጣት ሰው ማራቅ ይረክሳላ።

ዕድሜ ገፋ ሲል ስኳር ይመጣል። ስኳር የእግርን ስሜት ቀስ በቀስ ይወስዳል፣ ሚስማር ቢወጋ እንኳ ላይሰማ ይችላል። ሐኪሙ "ጋሼ፣ ማታ ማታ እግርዎን ይዩ፣ ውስጥ እግርዎን በመስታወት ይመልከቱ፣ ጫማ ከማድረግዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳብሱ፣ ቤት ውስጥም በባዶ እግር አይሂዱ" ይላቸዋል። ጋሼም በጨዋ ደንብ "እሺ ዶክተር" ብለው ይወጡና ቤት ገብተው እግራቸውን ከሰሉ ዳር ይዘረጋሉ፣ ወይም በሚያቃጥል ውሃ ላይ ጨው በትነው ይነክሩታል። ስላልተሰማቸው አልተቃጠሉም ማለት ነው። ቁስሉን መጀመሪያ የሚያገኘው የቤተሰቡ አፍንጫ ነው። ያኔ "ምነው ቀደም ብለው ቢመጡ?" ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም አይጠፋም። ጋሼ ግን ሐኪሙ ክፍል የገቡበት ጫማ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል!

እናቶቻችንን ደግሞ የሚያጫማቸው ዲያስፖራው ነው። ከዋሽንግተን ነጭ ስኒከር በሻንጣ ይመጣል። ቁጥሯን የጠየቀ የለም፣ እግሯም ከዕድሜ ጋር ሰፍቷል፣ ልጅ የሚያስታውሰው የዛሬ ሃያ ዓመቱን ነው። እማማ ተረከዙን ረግጣ እንደ ነጠላ ጫማ እየጎተተች ቤተክርስቲያን ትሄድበታለች። ልጅ በስልክ "እማ፣ ጫማው ልክ ሆነልሽ?" ሲል "ልክክ ብሎኛል የኔ ጌታ!" ትላለች። በሚቀጥለው ሻንጣም ያንኑ ቁጥር ይልካል።