ያስቸገረን እንግሊዝኛው አይደለም

በቀደም የጎረቤቴ ልጅ እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ሻይ ቤት አስቀምጣ ስልኳን ሰጠችኝ። ከእንግሊዝ አገር የመጣ ደብዳቤ ነው። በሳይኮሎጂ ማስተርስ ተቀብለዋታል፤ ግን መጀመሪያ ሁለት ተርም «ፕሪ ማስተርስ» የሚባል መሰናዶ ትማር ይላል። ክፍያው ለብቻው ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ ነገር ብር መልቀሚያ ነው አይደል?»

«ግማሹ ነው» አልኳት።

ንግድነቱን ማን ይክዳል? ከእነዚህ የዝግጅት ኮሌጆች ብዙዎቹን የግል ኩባንያዎች ናቸው የሚያስተዳድሯቸው። ግን እኔም ሳልዘጋጅ ለማስተርስ ውጭ ሄጄ የተቀጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ አፌን ሞልቼ «ማጭበርበር ነው» ማለት አቃተኝ።

ስሄድ የፈራሁት እንግሊዝኛውን ነበር። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና 6.5 ለማምጣት ስድስት ወር ስባዝን ከረምኩ። እዚያ ስደርስ የጣለኝ ሌላ ሆነ። የመጀመሪያ ጽሑፌ ስለ ትውስታ ነበር። ማን ምን እንዳለ ከነዓመተ ምሕረቱ ደርድሬ አስረከብኩ። እዚህ ቢሆን «ኤ» ናት። መምህሯ ከታች አንድ መስመር ጽፋ መለሰችልኝ፦ «እነሱ ያሉትን ነግረኸኛል፤ አንተስ?»

ተናደድኩ። እኔ ማን ነኝና ነው ከነፍሮይድ ጋር የምከራከረው?

ቆይቶ ነው የገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ተሰባስበው፣ ታትመው የወጡ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ሠርተው ነበር። እንደ መጀመሪያው ጉልህ ውጤት የሰጡት 36 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ሙያ ማንበብ ማለት መጠራጠር ነው። ስንት ሰው ተጠየቀ? የየት አገር ሰው? ብዙ ጊዜ የምዕራብ አገር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የአዘዞ ገበሬ እዚያ ውስጥ የለም።

የሚገርመው፣ ይህ ለጎንደር ሰው ባዕድ መሆን አልነበረበትም። የቅኔ ተማሪ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ነው የኔታ ፊት የሚቀርበው። የጓደኛን ይዞ መቅረብ ነውር ነው። «ቅኔ ዘረፈ» ስንል እንኳ ከራሱ አፈለቀ ማለታችን ነው። (ፈረንጆቹ ፕላጃሪዝም የሚሉትን፣ የሰውን ጽሑፍ የራስ አስመስሎ ማቅረብን፣ «ዘረፋ» ብዬ ብተረጉመው የቅኔ መምህራን ይስቁብኛል።) ይህን ልማድ አስኳላ ስንገባ ነው በር ላይ ጥለነው ያለፍነው።

ከዚያ ስታቲስቲክስ መጣ። እዚህ ላይ ልናዘዝ። ለመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያዬ መጠይቁን የበተንኩትም የሰበሰብኩትም እኔ ነኝ። ዳታውን ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሠራልኝ ግን ብር የከፈልኩት ልጅ ነው። እኔ ሰንጠረዡን ገልብጬ «ፒ ከ0.05 በታች ነው» ብዬ ጻፍኩ። ምን ማለት ነው ብትሉኝ «ውጤቱ 95 በመቶ እውነት ነው» እላችሁ ነበር። ስህተት ነው። ቁጥሩ የሚለው ሌላ ነው፦ በመሠረቱ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ ልዩነት እንዲሁ በአጋጣሚ የማየት ዕድሉ ከ100 ከ5 በታች ነው። ማስተርሱ ይህን ታውቃለህ ብሎ ነው የሚጀምረው። የአንድ ዓመት ኮርስና ምርምር አንድ ላይ ተጭኖብህ ከሀሁ ልጀምር ብትል የሚሰማህ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ አታምታቱ። ሳይኮሎጂ ላልተማረ ሰው «ኮንቨርዥን» የሚባል አለ። እሱ መሰናዶ አይደለም፣ ራሱ ማስተርስ ነው። የብሪታኒያ የሳይኮሎጂ ማኅበር ዕውቅና ያለውን ፈልጉ። ያም ሆኖ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት አያደርግም፤ ለእሱ ሌላ የሦስት ዓመት ዶክትሬት ይጠብቃል።

እና እኔ የምለው፣ ይህን ዝግጅት ለምን እዚሁ አንሠራውም? የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የጤና ባለሙያን እዚሁ ለማብቃት አልነበረም እንዴ? ክረምት ላይ ስምንት ሳምንት፣ ማታ ማታ፣ 20 ልጆች፣ ውጭ ተምሮ የተመለሰ አንድ መምህር። በሳምንት አንድ ጥናት እየነቀፉ ማንበብ፣ አንድ ዳታ በገዛ እጅ መሥራት። አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነጻ ነው። መብራት ከጠፋም በወረቀት መከራከር ይቻላል።

የውጭ ዩኒቨርሲቲው ቅድመ ሁኔታውን በዚህ አይሰርዝ ይሆናል። ቢያንስ ግን ልጁ እዚያ ሲደርስ እንደኔ አይደነግጥም።

ለልጅቷ ሁለት ነገር አልኳት። አንደኛ፣ ጽፈሽ ጠይቂ፤ ቅድመ ሁኔታው የመጣው በቋንቋ ነው ወይስ በውጤት? በቋንቋ ከሆነ ፈተናውን ደግሞ መውሰድ ሊበቃ ይችላል። ሁለተኛ፣ አንድ ጥናት ሰጠኋትና ሦስት እንከን ፈልገሽ ነይ አልኳት።

ቅዳሜ መጣች። ሁለቱን ተቀበልኩ። በሦስተኛው ላይ እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው።