ከሰሉን ሁሉ እናውጣ ወይስ ምሰሶ እንተው?

የክርክሩ ጭብጥ፦ በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ፔንሲልቬኒያ፣ የፒትስበርግ ንጣፍ የሚባለውን የድንጋይ ከሰል ለማውጣት ጣሪያውን የሚሸከም የከሰል ምሰሶ እየተዉ ከሚቆፍሩበት የክፍልና ምሰሶ ዘዴ ይልቅ፣ ከሰሉን ጠራርጎ የሚያወጣው የሎንግዎል ዘዴ ይመረጣል ወይ? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊ፦

የክፍልና ምሰሶ ዘዴ ምን ያህል ከሰል ከመሬት በታች እንደሚያስቀር ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። መተላለፊያዎቹ 6 ሜትር ስፋት ኖሯቸው በመካከላቸው 12 በ12 ሜትር የሆኑ ምሰሶዎች ቢተዉ፣ የሚወጣው ከሰል 56 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ከላይ የሚጫነው ዐለት ስለሚከብድ ምሰሶው መወፈር ይኖርበታል፤ ጎኑ 24 ሜትር ሲደርስ የሚወጣው ወደ 36 በመቶ ይወርዳል።

ሎንግዎል ግን ከ300 ሜትር በላይ ስፋትና በርካታ ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን የከሰል ክፍል ጠራርጎ ይወስዳል። ቆራጩ ማሽን ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሰ ሲቆርጥ፣ ሠራተኞቹ በሃይድሮሊክ በሚሠሩ የብረት ድጋፎች ሥር ይቆማሉ፤ ድጋፎቹ ወደ ፊት ሲራመዱም ከኋላቸው ያለው ጣሪያ ሆነ ተብሎ እንዲወርድ ይለቀቃል። በዚህ መንገድ 80 በመቶ ያህሉን ማውጣት ይቻላል። ምሰሶ ሕይወት ያድናል ለሚሉም በደቡብ አፍሪካ ኮልብሩክ በተባለው የከሰል ማዕድን ጃንዋሪ 21 ቀን 1960 የሆነውን ላስታውስ፦ ምሰሶዎቹ ተራ በተራ ተደርምሰው 435 ሠራተኞች አለቁ።

ተቃዋሚ፦

የኮልብሩክን ሐዘን ማንሳትዎ ተገቢ ነው፤ የደረሱበት መደምደሚያ ግን አያስኬድም። እዚያ ተጨማሪ ከሰል ለማግኘት ሲባል ጣሪያው ወደ ላይ ተቆርጦ ነበር፤ በዚህም ምሰሶዎቹ ቁመታቸው ረዝሞ አቅማቸው ተዳከመ። ጥፋቱ የመጣው ምሰሶ በመተዉ ሳይሆን የተተወው በመሸርሸሩ ነው። ከዚያ አደጋ በኋላ ሳላሞንና ሙንሮ የተባሉ ተመራማሪዎች ጸንተው የቆዩ 98 እና የፈረሱ 27 የምሰሶ ቦታዎችን መርምረው፣ ምሰሶ ምን ያህል እንደሚሸከም የሚያሰላ ቀመር በ1967 አወጡ።

80 በመቶ የሚሉትም ከላይ ያለውን ጉዳት አይቆጥርም። ጣሪያው ሲወርድ የምድሩ ገጽ ከአንድ ሜትር በላይ ይሰምጣል፣ ምንጮች ይደርቃሉ። በግሪን አውራጃ፣ በራየርሰን ስቴሽን ፓርክ፣ ዱክ የተባለው ሐይቅ ግድቡ በመሰንጠቁ በ2005 ውኃው እንዲለቀቅ ተደረገ፤ የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ጉዳቱ በሎንግዎል ቁፋሮ የመጣ ነው ሲል ወሰነ። መሬቱ መንቀሳቀሱን ባለማቆሙ ግድቡን መልሶ የመሥራት ሐሳብ በ2015 ቀረ። ልጆች ዓሣ ያጠምዱበት የነበረ ሐይቅ ዛሬ የለም።

ደጋፊ፦

ስለ ሐይቁ አልከራከርዎትም፤ ቁፋሮው ከግድብ መራቅ ነበረበት። ነገር ግን በሎንግዎል የሚሰምጠው መሬት አብዛኛውን የሚሰምጠው በወራት ውስጥ ነው፤ መጠኑንም አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ምሰሶ የተተወባቸው አሮጌ ጉድጓዶች ግን ቆፋሪው ድርጅት ከጠፋ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ በሰው ቤት ሥር ይደረመሳሉ፤ ያኔ ባለቤቱ ማንን ይከሳል? የተተወ ከሰልም ያስጎመጃል። በዩታ ግዛት ክራንዳል ካንየን በተባለው የከሰል ማዕድን በኦገስት 2007 የቀሩትን ምሰሶዎች ወደ ኋላ እየቆረጡ ሲወጡ ዐለቱ ፈንድቶ 6 ሠራተኞች ተቀበሩ፤ ሊያድኗቸው ከገቡት ደግሞ 3 ሞቱ። ይህን ያህል ሰው የሚያስከፍል ከሰል ከመጀመሪያው በብረት ድጋፍ ሥር ቢወጣ ይሻል ነበር።

ተቃዋሚ፦

ለባለቤቱ የሚቆረቆሩ ከሆነ ሕጉን ይመልከቱት። የ1966ቱ የፔንሲልቬኒያ ሕግ በጊዜው የነበሩ መኖሪያ ቤቶች እንዳይጎዱ ከሥራቸው ድጋፍ የሚሆን ከሰል ያስተው ነበር፤ በ1994 የወጣው ማሻሻያ ግን ድርጅቱ ጉዳቱን ከጠገነ ወይም ከካሰ ከቤቱ ሥር እንዲቆፍር ፈቀደ። የተሰነጠቀ ግድግዳ ይጠገናል፤ መሄጃውን የለወጠ ምንጭ ግን በቧንቧ ውኃ ቢተካም ከብቱ የሚጠጣበት ጅረት አይመለስም።

በሁሉም ቦታ ምሰሶ ይተው አላልኩም። ጅረቶች በሚወርዱባቸው ሸለቆዎች ሥር ጥልቀቱ ከኮረብታው ሥር ያነሰ ነው። ጥልቀቱ 100 ሜትር፣ የከሰሉም ውፍረት 2 ሜትር በሆነበት ስፍራ፣ እርስዎ ያሰሉት ባለ 12 ሜትር ምሰሶ በሳላሞንና ሙንሮ ቀመር መሠረት ከተጫነበት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል የመሸከም አቅም አለው። በእነዚህ ሸለቆዎች ሥር ያ 56 በመቶ ይበቃኛል፤ የቀረውን 44 በመቶም ለውኃው ስል እተወዋለሁ።