ይድረስ ለክቡር የጣሪያ አግዳሚ፣ ቴምዝ ዳር

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ግንባሬ ላይ ካበቀልኩት እንቁላል በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

መቼም አልረሱኝም፣ ቅዳሜ ማታ ከለንደን ሻንጣ እየጎተትኩ የመጣሁት ሐበሻ ነኝ። ሚስቴ ለአኒቨርሰሪያችን ብላ ወንዝ ዳር ጥንታዊ ማደሪያ ቡክ አድርጋ፣ ዌብሳይቱ "ካራክተር ያለው ክፍል" ይላል፣ እኔም ምን ነካኝ ዝም አልኩ፣ እኛ ሰፈር እኮ "እሷማ ጸባይ አለባት" ከተባለ ሰው በሩቁ ነው የሚሸሻት። ጸባዩ ሲገለጥ ወለሉ ወደ ወንዙ ዘሟል፣ ከኪሴ የወደቀች ሳንቲም ራሷ ተንከባላ መስኮቱ ስር ገባች፣ እርስዎ ደግሞ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ በግንባሬ ልክ ተጋድመዋል።

የመጀመሪያውን ይቅር ብያለሁ፣ ሽማግሌ ነዎት። ሪሴፕሽን ላለችው ልጅ ብነግራት ፈገግ ብላ ቤቱ "ሊስትድ" ነው አለችኝ፣ ማለትም በቅርስነት ተመዝግቧል፣ እርስዎን ያለ ፈቃድ የነካ በወንጀል ይከሰሳል። የኔ ግንባር ሊስትድ አይደለም፣ ያገኘው ሁሉ ይጠርበዋል። ወንዙ ላይ ያሉት ስዋን የሚባሉት ወፎች እንኳ በየጁላዩ ንጉሡ ሰው ልኮ በጀልባ ያስቆጥራቸዋል።

ንዴቴን ላበርድ ባሩ ወርጄ ሪል ኤል የሚሉትን የእንግሊዞች ባህላዊ ቢራ አዘዝኩ። ልጁ እጀታውን ጎተት ጎተት አድርጎ 568 ሚሊ ሊትር ቡናማ ነገር ሞላልኝ፣ ስቀምሰው ለብ ብሏል። "ፍሪጁ ተበላሽቶ ነው?" ብል ባሩ ጸጥ። ለካ ደንቡ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ነው፣ ጋዝ አይነፉበትም፣ ምድር ቤት በርሜሉ ውስጥ እርሾው ሳይሞት መፍላቱን ይቀጥላል... እንዴ! ይሄ እኮ በጌሾ ፋንታ ሆፕ የገባበት ጠላ ነው! እንዳይጠፋባቸው ብለው 1971 ላይ አራት ሰዎች ማኅበር አቋቁመውለታል፣ አያቴ ከነጋኗ ብቻዋን ስትታገል ግን ዞር ብሎ ያያት የለም። በናፍቆት ሦስት ጠጣሁ።

ከዚያ ወደ ክፍላችን ወጣሁ፣ እርስዎን አስታውሼ ጎንበስ አልኩ፣ ያለፍኩ መስሎኝ ቀና ስል ጓ! ስማ አንተ ግንድ፣ ከዚህ በኋላ አንቱታ የለም። ወንድምህ ከኋላህ መጋደሙን ማን ነገረኝ? "ጭንቅላትዎን ይጠብቁ" የምትለዋን ሰሌዳ ያየኋትም ያኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው፣ እሱ ላይ ለጥፈዋታል፣ በጀርባው በኩል።

ሚስቴ አጭር ናት፣ ክፍሉን ወዳዋለች፣ ለከርሞም ቡክ አድርጋለች።

አክባሪህ የነበርኩት